ተሸካሚው የጠቆመው በር

በአንድ ከተማ ሸክም ተሸክሞ የሚያድር ሰው ነበረ።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ ከተማው በተቃጠለ ቀን እኔ ድንጋይ አልወረወርኩም፣ ክብሪትም አልጫርኩም፤ ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድ ያለኝ ለምንድን ነው? ጥፋት አለብኝ ወይ?» ብለህ ነው የጠየቅከኝ። «የለብህም» ብልህ ጉልበቴን ስመህ ትሄድ ነበር። እኔ ግን እንዲያ አልልህም። መጀመሪያ የዚህን ተሸካሚ ነገር ስማ።

ከተማው ከእኛ ከተማ ብዙም አይለይም። ከላይ ኮረብታው ላይ የሹሙ ጽሕፈት ቤትና የባለጸጎች ግቢ አለ። ከታች የእህል በረንዳ አለ። ከበረንዳው ጀርባ ደግሞ አንዱ ቤት የሌላውን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የጭቃ ቤት ረድፍ አለ። ተሸካሚው ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ይኖር ነበር። ጀርባው ሰፊ፣ አፉ ቁጥብ ነው። ኩንታል ሲጭኑበት አያቃስትም፤ ሲከፍሉት አይነታረክም። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ሁሉ እሱን ነበር የሚጠሩት።

በዚያው ረድፍ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። የሌሎቹን ስም ትቼ የእሷን የምነግርህ ሌላ የተረፋት ነገር ስለሌለ ነው። ባሏ ሞቶባታል። ከበረንዳው አንድ ኩንታል ትገዛና በጣሳ ትቸረችራለች። መቼም ደሃ ኩንታል አይገዛም፤ ደሃ የሚገዛው የዛሬን ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ምሳም ሆነ እራት በትርንጎ ጣሳ ያልፍ ነበር። ከሱቋ በስተኋላ ባለችው ጓዳ ወገቧን ታማ ከአልጋ የማትነሳ ታላቅ እህት ነበረቻት። ይህችን በሽተኛ ከጎረቤት በቀር የሚያውቃት የለም። ተሸካሚው ግን ያውቃታል፤ ፀሐይ እንድትሞቅ አልፎ አልፎ አቅፎ ወደ ደጅ የሚያወጣት እሱ ነበርና። ትርንጎ ልትከፍለው ስትል «ተይው እትዬ፣ እሷ ሸክም አይደለችም» ይላት ነበር።

እንግዲህ ክፉው ዓመት መጣ። በልጉ ቀረ። ክረምቱም ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ ተመለሰ። የፈትል ፋብሪካው ጥጥ አጣሁ ብሎ ግማሹን ሠራተኛ አሰናበተ። የቀረው ግማሽ ደግሞ ደመወዙ ያው ሆኖ የሚገዛበት ነገር ሁሉ ጨመረበት። ጤፍ ይበላ የነበረው ወደ በቆሎ ወረደ። በቆሎ ይበላ የነበረው ወደ ጎመን ወረደ። ጎመን ይበላ የነበረው ምን እንደበላ አልነግርህም።

በዚያ ከተማ አንድ ባለጸጋ ነበር። በአጨዳው ወራት እህሉ ገና ርካሽ ሳለ ከባላገሩ ገዝቶ በየገጠሩ አስቀምጦታል። አሁን ወደ ከተማ ሊያስገባው ፈለገ፤ ሰው እንዲያይበት ግን አልፈለገም። ስለዚህ የሚካኤልን ንግሥ ጠበቀ። ሰዉ ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ በወጣበት ረፋድ የጭነት መኪኖቹ በጓሮ በር ገቡ። የሚያወርዱትን አምስት ሰዎች ከሩቅ አገር አምጥቶ በዚያው ቀን ሸኛቸው። ከከተማው ሰው የነበረው የእኛ ተሸካሚ ብቻ ነው። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ። ከበሩ በኩል የሲሚንቶ ከረጢት ተደረደረና እህሉ ከኋላው ተሸሸገ።

ባለጸጋው ተሸካሚውን ወደ ጥላ ጠራው።

«አንተ ወሬ አታበዛም አሉ» አለው።

«አላበዛም ጌታዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ የቀን ሠራተኛ አይደለህም፤ የቤቴ ሰው ነህ። በየቅዳሜው አንድ ቁና እህል ይሰጥሃል። የመጣው ቢመጣ ልጆችህ አይራቡም። ይህ ግን የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጌታዬ። የሲሚንቶ ነው» አለና ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ።

ክፉ ሰው አልነበረም። አንተም ብትሆን፣ እኔም ብሆን፣ በዚያ ዓመት ለልጆቻችን ቁና እህል በየሳምንቱ የሚሰጠን ብናገኝ ጎንበስ እንል ነበር። እቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ይኼ ከየት መጣ?» አለችው። «ጌታዬ ሰጠኝ» አላት። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ሰው ሲርበው ብዙ ይጠይቃል፤ ሲጠግብ ግን ጥያቄ ያልቅበታል።

ወራት አለፉ። ዋጋው በየሳምንቱ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ዋጋውን የሚጨምረው ባለጸጋው ነው፤ ሕዝቡ ዋጋውን የሚሰማው ግን ከትርንጎ አፍ ነው። ባለጸጋውን የሚያውቀው የለም፤ መኪናው በጥቁር መስታወት የተዘጋ ነው። ትርንጎን ግን ሁሉም ያውቃታል። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ቆመው «ደግሞ ዛሬ ስንት ልትይን ነው?» ይሏታል። «ልጆቼ፣ እኔ መች አወጣሁት፤ ከላይ የመጣ ነው» ትላለች። ከላይ የት እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም።

ይህንም አልደብቅህም፤ በሦስተኛው ወር ትርንጎ የጣሳዋን ቂጥ ወደ ውስጥ ቀጥቅጣ አስገባችው። ሁለት ጣት ያህል ጎደለ። የምትገዛበት ዋጋ ከምትሸጥበት ሊበልጥ ደርሶ፣ ለእህቷ መድኃኒት እንኳ አልተርፍሽ ብሏት ነው። ሰው ደግሞ ይህን አያጣውም። አይተዋል፤ አንድም የተናገራት አልነበረም፤ በሆዳቸው ያዙት። የተናገሩት ቂም ይበርዳል፤ በሆድ የያዙት ነው ከሰል የሚሆነው።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ወደ ሹሙ ወጡ። በመጀመሪያው ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። በሁለተኛው ማመልከቻቸውን የሚቀበል ጸሐፊ ጠፋ። በሦስተኛው ሹሙ ራሱ ወጥቶ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመና፣ «በከተማችን እህል ሞልቷል። የሚያስርበን ወሬኛ ነው። ወሬኛ እያያችሁ ብታስይዙልኝ ረሃቡ ያልቃል» አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ «ጌታዬ፣ ወሬ በልተን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጠግበን ነበር» አለ። ያንን ሽማግሌ በዚያው አስቀሩት። የተመለሱት ሌሎቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሹሙ የሚወጣ ሽማግሌ አልተገኘም። ሽማግሌ ሲያፍር ጎረምሳ ይናገራል፤ ጎረምሳ ደግሞ በአፉ ብቻ አይናገርም።

አንድ ሰኞ ባለጸጋው ለቸርቻሪዎች ሁሉ «እህል አልቋል» አለ። አላለቀም፤ ዋጋው ገና አልበሰለለትም ነበር። ተሸካሚው በዚያ ቀን ለትርንጎ የመጨረሻዋን ኩንታል ተሸክሞ አስገባላት። ማክሰኞ ሸጠች። ረቡዕ ግማሽ ኩንታል ያህል ሲቀራት፣ ለማን ሰጥታ ማንን እንደምትመልስ ጨነቃትና በሯን ዘግታ ተቀመጠች።

ከበሩ ውጭ ሴቶች ተሰልፈዋል። ፀሐዩ ከረረ። ከሰልፉ መካከል አንዲት አራስ ልጇን እንዳቀፈች ወደቀች። ውኃ ረጩባት፤ ስሟን ጠሩ፤ አልተነሳችም።

ያኔ ሕዝቡ ተሰበሰበ። አራሷን በቃሬዛ አደረጉና ወደ ኮረብታው ተነሱ። ለሹሙ ሊያሳዩት ነው እንጂ ሊያቃጥሉ አልሄዱም፤ ይህን አደራ አትርሳ። በእጃቸው ከሬሳዋ በቀር ምንም አልነበረም። ከፊት የሚመራው ከፋብሪካው የተሰናበተ ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ የጥጥ ብናኝ ደረቱን በልቶት የሚያስል። «ጌታዬ፣ ወሬኛዋን ይዘንልዎ መጥተናል፤ ብቻ ሞታለች!» ብሎ ጮኸ። ከበሩ የቆሙት ዘቦች ተኮሱ። መጀመሪያ ወደ ሰማይ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ሰው ሆነ። አንድ ሰው ወደቀ። ቃሬዛውም ወደቀ። ሕዝቡ ወደ ታች ተመለሰ።

ቁጣ ዳገት ሲወጣ ጥይት ይመልሰዋል፤ ቁልቁል ሲወርድ ግን የሚመልሰው የለም።

ተሸካሚው እህል በረንዳው መገናኛ ላይ ቆሞ ነበር። የፋብሪካው ሰው አየው። ሸሚዙን የወደቀው ሰው ደም ነክቶታል። እያሳለ ወደ እሱ መጣና ፊቱ ቆመ።

«አንተ ሰው» አለው፤ «የዚህ ከተማ እህል በአንተ ጀርባ ነው የሚገባውም የሚወጣውም። እህሉ የት ነው?»

ሕዝቡ ከበበው። ያን ሁሉ ሰው ስታየው አንድ ሰው ይመስል ነበር፤ ሁሉም የእሱን አፍ ያያል።

ተሸካሚው ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ አየ። የባለጸጋውን የቆርቆሮ አጥር አየ። ዘቦቹን አየ። የቅዳሜዋን ቁና አሰበ። ሦስት ልጆቹን አሰበ። «ብናገር ይሄ ሁሉ ሰው ወደዚያ ሮጦ ጥይት ይበላዋል» ብሎም አሰበ። ይህችን የመጨረሻዋን ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልኩን ይዟት ኖሯል፤ ለራሱ የሚያሳያት እሷን ነው። መጀመሪያ የመጣችለት ግን ቁናዋ ነበረች።

እጁን አነሳና የትርንጎን በር ጠቆመ።

«ሰኞ ዕለት ያስገባሁት እዚያ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ሰኞ ዕለት ያስገባው እዚያ ነው። አንዲት ቃል አልዋሸም። ከውሸት የሚከፋ እውነት እንዳለ ግን ያን ቀን ታየ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በሩን ሰበሩት። ትርንጎን ገፍትረው ወደ ውጭ ጣሏት። «እህቴ! እህቴ!» ትላለች፤ በዚያ ሁካታ ማን ይስማት፤ የሰሙትም የሰፈሩ ሰዎች አልነበሩምና ምን እንደምትል አልገባቸውም። ግማሽ ኩንታሏን አገኙና ተሻሙበት። ከረጢቱ ተቀደደ። እህሉ መሬት ላይ ፈሰሰና ረገጡት፤ ረግጠው ረግጠው ከአፈር ቀላቀሉት። ከዚያ ሁሉ ሰው በዚያ ቀን ከዚያ እህል አንድ ጭብጥ የበላ የለም። አንዱ «ቀሪውን ኮርኒሱ ላይ ደብቃዋለች!» አለ። ሲወጡ ሲወርዱ የጋዝ ምድጃው ተገለበጠ። ጋዙ ፈሰሰ፤ እሳቱ የጭራሮውን ግድግዳ ያዘ።

ቤቶቹ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው ብዬሃለሁ። እሳቱ አንዱን ቤት ከሌላው አልለየም።

ተሸካሚው ጭሱን ሲያይ ሮጠ። መጀመሪያ ወደ ራሱ ቤት ሮጠ፤ ማንም አባት ያደርገዋል፤ በዚህ አልፈርድበትም። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወጥታ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። አያቸው፤ ቆጠራቸው፤ ሦስቱም አሉ። ያኔ ወደ ትርንጎ ጓዳ መሄድ ይችል ነበር። ከኋላ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ከትርንጎና ከእሱ በቀር የሚያውቃት የለም። እሱ ግን ተመልሶ ወደ ራሱ ቤት ገባ። ከአልጋው ሥር ያስቀመጠውን እህል በጀርባው አዝሎ ወጣ።

ከረጢቱን ሚስቱ እግር ሥር ጥሎ ዞር ሲል የትርንጎ ጣሪያ ወደ ውስጥ ወረደ።

ትርንጎ እጆቿ እስከ ክርኗ ተቃጥለዋል፤ የጓዳውን በር በእጇ ልትከፍት ስትታገል ነው። አሥራ አንድ ቤት ነደደ። ከሞቱት መካከል እህቷ አንዷ ናት። በማግሥቱ ሬሳዋን የተሸከመው ተሸካሚው ነው። ትርንጎ በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቿን ወደ እሱ ዘርግታ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ያልተለየኸኝ አንተ ነህ» አለችው። እሱ ምንም አልመለሰም። ቁጥብ ሰው ነው ብዬህ የለ?

አሁን ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስማ፤ የሚመረው እዚህ ነው።

ወታደር ከተማውን ሞላው። የተገኘ ጎረምሳ ሁሉ ታሰረ፤ የወረወረውም ያልወረወረውም። የፋብሪካው ሰው ሲያስል ድምፁን ሰምተው ከተደበቀበት አወጡት። ባላገሩ የከተማውን ጭስ ከሩቅ አይቶ እህል የጫነ አህያውን ከመንገድ መለሰ፤ «ሊበሉኝ ነው» ብሎ። ልክ ነበር። ፋብሪካውም «በዚህ ዓይነት ከተማ ሥራ አይሠራም» ብሎ የቀረውን ሠራተኛ አሰናበተና በሩን ቆለፈ። ገበያው ሁለት ሳምንት ባዶውን ዋለ፤ የሚሸጥም የሚገዛም የለ። የረሃቡ ዋጋ የሚሰማበት አፍ እንኳ ጠፋ።

ያኔ ባለጸጋው መጋዘኑን ከፈተ።

«ለወገኔ አዘንኩ» ብሎ ነው የከፈተው። ዋጋው ከቃጠሎው በፊት ከነበረው ሦስት እጥፍ ነበር። በወታደር እየተጠበቀ ሸጠ። ሹሙ ሕዝብ ሰብስቦ ካባ አለበሰው፤ «በጨለማ ቀን የደረሰልን» ተባለለት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ምን ያድርግ፤ ያላጨበጨበ ሰልፍ አያገኝም። ሹሙ ራሱ ከዚያ በኋላ ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወረ፤ ሁከት ማብረድ የሚችል ሰው ነው ተብሎ።

እህሉን ከመጋዘን ያወጣው ያው ተሸካሚ ነው። ሰዉ ተሰልፎ እያየው፣ በጠራራ ፀሐይ አወጣው። ከረጢቶቹ ላይ አቧራ ተጋግሯል፤ ከሥሩ ያሉት ነቅዘዋል። ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት ሴት የነቀዘውን ዘንጋዳ በእጇ አገላብጣ አየችና «ይሄ እኮ የአምናው ነው» አለች። ቀና ብላ ተሸካሚውን አየችው። ዞረችና ከኋላዋ ላለችው ነገረቻት። እሷም ከኋላዋ ላለችው።

ሽያጩ ሲያልቅ ባለጸጋው «በቃ፣ ሥራ ሲኖር አስጠራሃለሁ» አለው። አላስጠራውም። መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ባዶ መጋዘን ምስጢር ጠባቂ አያስፈልገውም።

ትርንጎ ነገሩን የሰማችው ከፋብሪካው ሰው ሚስት ነው። ባሏ ከእስር ቤት «ማን እንደጠቆመን ንገሪያት፤ እኔን ይቅር እንድትለኝ ሳይሆን እንድታውቅ ነው» ብሎ ልኮባት ነበር። ትርንጎ ተሸካሚው በአመዱ ላይ ወደቀለሳት የቆርቆሮ መጠለያ መጣች። ሚስቱ ወጥታ «ግቢ እትዬ» አለቻት። አልገባችም።

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው፤ «እህቴ ጓዳ ውስጥ እንዳለች ታውቅ ነበር። እነዚያ አያውቁም። አንተ ታውቅ ነበር። አይደለም?»

«ስለ ልጆቼ ብዬ ነው እትዬ» አላት።

«እኔም እኮ ስለ ልጆችህ ብዬ፣ ለአንተ ቤት በዚያ በጎደለው ጣሳ ሰፍሬ አላውቅም። ሚስትህን ጠይቃት። ለእናንተ ሌላ ጣሳ ነበረኝ።»

ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትርንጎ ግን አላለቀሰችም። «እንዳልረግምህ ልጆችህን አየሁ። እንዳልምርህ ደግሞ እህቴን አየሁ። ስለዚህ እሄዳለሁ» አለችና ሄደች። ከዚያች ቀን በኋላ በከተማው ያያት የለም። እሷ ከሄደች ወዲህ በዚያ ሰፈር በጣሳ የሚቸረችር ጠፋ፤ ማን ደፍሮ ሱቅ ይከፍታል? ደሃው ወይ ኩንታል ይገዛል፣ ወይ ጦሙን ያድራል። ስለጎደለችው ጣሳ ሲያጉረመርሙ የነበሩት ሴቶች የጎደለችውን ጣሳ እንኳ ሲመኟት ኖሩ።

የእስረኞቹ ፍርድ ቀን ደረሰ። ዳኛው «ቤቱ ውስጥ እህል ተከማችቷል ብሎ ሕዝቡን ያነሳሳው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የፋብሪካው ሰው ቆሟል፤ ያስላል። አዳራሹን ዞር ብሎ አየ። ተሸካሚው ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። የፋብሪካው ሰው «እኔ ነኝ። በሩንም የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ። ለምን እንዲያ እንዳለ አላውቅም። ምናልባት የተሸካሚውን ልጆች አስቦለት ይሆናል። ምናልባት ሰው ተነስቶ ራሱ እስኪናገር እየጠበቀ ይሆናል። ተሸካሚው ግን አልተነሳም። አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። በሦስተኛው ዓመት ያ ሳል ገደለው።

ተሸካሚውስ? እኔ እስከማውቀው ድረስ አለ። ይሸከማል። ልጆቹ አድገዋል፤ አልተራቡም። «ስለ ልጆቼ» ያለውን ቃል ጠብቆላቸዋል። ነገር ግን ሰው ሰላም ሲለው እጁን ከኪሱ አያወጣም ይላሉ።

ነገሬ ይኸው ነው። አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

ድንጋይ አልወረወርኩም አልከኝ። እሱም አልወረወረም። ክብሪት አልጫርኩም አልከኝ። እሱም አልጫረም። አንተ የምትሠራው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በመስኮቱ ተቀምጠህ ለሕዝቡ መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ። ዘይት የጠፋ ሰሞን፣ ዘይቱ ደርሶ የት እንደተቆለፈ የሚገልጸው ደብዳቤ በእጅህ አልፏል። ሕዝቡ መጥቶ «ዘይቱ የት ገባ?» ሲልህ «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ፤ ባለ ሱቆቹን ጠይቁ» አልካቸው። ሱቆቹ ውስጥ ግማሽ ጀሪካን ይኖራል፤ አልዋሸህም። ሄደው ጠየቁ። እንዴት እንደጠየቁ አይተሃል።

«ይህን ማን ነገርዎት?» ልትለኝ ነው። ማንም አልነገረኝም። እኔም በዚያ ሰልፍ ነበርኩ። ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር፤ ቀና ብለህ ስላላየኸኝ አላወቅከኝም። ያንን መልስ ለእኔም ሰጥተኸኛል። እኔም ዱላዬን እየተመረኮዝኩ ወደዚያ ወደ ማዕዘኑ ባለ ሱቅ ሄድኩና፣ ሰው በተሰበሰበበት «ሆድህን አምላክ ይየው!» ብዬ ረገምኩት። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ሲረግም ሰው ይሰማል። በሁለተኛው ቀን ነው ሱቁን ያቃጠሉት። ስለዚህ ከንጹሕ ሰው ምክር የምትሰማ አይምሰልህ።

ያስራባቸው ሌላ ነው፤ ዘቡን ያስተኮሰው ሌላ ነው። የእነሱን ዕዳ ለአንተ አላሸክምህም፤ እነሱ ካባ ለብሰው የሚጠየቁበት ቀን አላቸው፣ እዚህ ባይሆን እዚያ። ነገር ግን የተራበ ሰው መጥቶ «የት ነው?» ሲልህ፣ ታውቅ ነበር። እያወቅክ ወደ ጎረቤትህ በር ላክኸው። እህሉ ከጉሮሮህ አልወርድ ያለህ ሰውነትህ ከአንተ ቀድሞ ፍርዱን ስለሰጠ ነው። እኔ ምን ልጨምርበት?

በዚያ ቃጠሎ ሰበብ የታሰሩት ልጆች ሰኞ ችሎት ይቀርባሉ። ዳኛው «የሚያውቅ አለ ወይ?» ማለቱ አይቀርም። እኔ እሄዳለሁ፤ እርግማኔን በአፌ አውጥቼ እናገራለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። አንተ ግን ልጆች አሉህ፤ እንጀራህም ከዚያ መስኮት ነው። ስለዚህ ተነስ አልልህም። ብቻ እዚያ ስትመጣ ከኋላ ወንበር አትቀመጥ። የታሰሩት ልጆች ፊትህን የሚያዩበት ቦታ ተቀመጥ፤ ከዚያ ዝም ማለት ከቻልክ ዝም በል።